ስለ ዘላለም የሚያንሾካሹክ ባንክ

የባሕር ዳር ሰዎች ሆይ፣ ምን ነካችሁ?

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ትምህርት ቤት ያለበት ሕዝብ ሰሙን ገፎ ወርቁን ሳያወጣ እንቅልፍ አይወስደውም ሲባል ሰምተን አድገናል። እንግዲያው ይህን የባንክ ማስታወቂያ ማን ይፍታልን? ጣና ላይ ጉም ተኝቷል። አንድ ሽማግሌ ታንኳ ይቀዝፋሉ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ካሜራው የማይቸኩል፤ የአውሮፓ ፊልም ሠሪዎች የዛሬ 60 ዓመት ገደማ ስለ ሞትና ስለ እግዚአብሔር ዝምታ ሲጨነቁ የቀረጹትን ይመስላል። (እነርሱ እንኳ የቁጠባ ደብተር አይሸጡም ነበር።) ከዚያ አንድ ድምፅ ያንሾካሹካል፦ «ጊዜ ምንድን ነው?» ጸጥታ። የባንኩ አርማ። እናንተም ዕንባችሁን ጠርጋችሁ ለዘመድ አዝማድ ትልካላችሁ።

ሽማግሌውን ግን ልብ ብላችኋል? ጋቢያቸው አሁን ከሳጥን የወጣ ነው፤ ጠብታ አልነካውም። የደንገል ታንኳ ውሃ እንደሚጠጣ፣ ቀዛፊውም እንደሚበሰብስ፣ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣውን ሰው ያየ ሁሉ ያውቃል። ያ እውነተኛው ቀዛፊ ለሞተር ጀልባ መግዣ ብድር ቢጠይቅ ስለ ጊዜ ምንነት የሚያዋየው የለም፤ የቤት ካርታ አምጣ ነው የሚባለው።

ወርቁን ልንገራችሁ፤ 7 በመቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ከ5 በመቶ ከፍ ያደረገው ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በዚያ ወለድ 10 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10 ሺህ 700 ብር ተቆጠረለት፤ በ10 ሺህ ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን ከ13 ሺህ በላይ ሆኖ ጠበቀው። ጊዜ ምንድን ነው ላለው ድምፅ መልሱ ይኸው፦ የጎደለው ከ2 ሺህ 300 ብር በላይ።

ባንኩስ እሺ፣ ገበያው ነው። የምታናድዱኝ እናንተ ናችሁ። ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ ስትገዙ ስንጥቡን ገልጣችሁ ቅላቱን ሳታዩ ገንዘብ አታወጡም፤ ለ10 ብር ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ትከራከራላችሁ። ባንክ ስትገቡ ግን በደቃቃ ፊደል የተጻፈውን ውል ሳታነቡ ትፈርማላችሁ፤ ማስታወቂያው «ጥልቅ» ነበራ!

ጠይቁ እንጂ። ወለዱ በየስንት ጊዜው ይታሰባል? ከቀኑ በፊት ባወጣ ምን ይቀርብኛል? የአገልግሎት ክፍያው ስንት ነው? መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ካልመለሰችላችሁ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ግቡ። እርሱም በረጅሙ ተንፍሶ በመስኮት ወደ ሐይቁ ማየት ከጀመረ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ በዚያው መንገድ ላይ ሌላ ባንክ አይጠፋም።