ባባ የደራሲው አባት አይደለም

ወንድሜ፣ «ዘ ካይት ራነር በሚባለው ልብ ወለድ ላይ ያለው ባባ የደራሲው የኻሊድ ሆሴይኒ የራሱ አባት ነው» ያልከው ብዙ ሰው የሚለው ነው። ግን ስህተት ነው። ባባ ምንጣፍ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ነው፤ የደራሲው አባት ዲፕሎማት ነበሩ። የባባ ልጅ የአሚር እናት እሱን ስትወልድ ሞታለች፤ የደራሲው እናት ግን ካቡል ውስጥ መምህርት ነበሩ።

ስደቱም ለየቅል ነው። ባባና አሚር ነዳጅ ቦቴ ውስጥ ተደብቀው ፓኪስታን ገቡ። የሆሴይኒ ቤተሰብ ግን በአባትየው ሥራ ምክንያት በ1976 ፓሪስ ሄደ፣ ከዚያ በ1980 አሜሪካ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ካይት (በክር የሚበር ወረቀት) ማብረሩ፣ የካቡል ልጅነቱ፣ የካሊፎርኒያ ስደተኝነቱ ከደራሲው ከራሱ ሕይወት የተቀዳ ነው፤ እሱን አልክድም። አባቱ አንዴ እንዲኮራበት የሚንገበገበው አሚር ግን የፈጠራ ልጅ ነው።