ደቻቱ ዳር ቤት ይሠራ ወይስ ይከልከል?

ጥያቄው አንድ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ፣ በደቻቱ ወንዝ ዳር መኖሪያ ቤት ጨርሶ ይከልከል? «ይከልከል» የምትለው መሐንዲስ ናት። የሚቃወሟት ወንዙ ዳር ልጆች ያሳደጉ አባት ናቸው።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ ነው ቢሉት አያምንም። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ መኪና አሸዋ ይጭንበታል፤ ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሄደው በእግሩ ይሻገረዋል። የሚያዘናጋን ይኼ ነው። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካሉት ተራሮች ነው። ተራሮቹ ተራቁተዋል፣ ዳገቱም ቁልቁል ነው። ስለዚህ ዝናቡ አፈር ውስጥ ለመስረግ ፋታ አያገኝም፤ ተንደርድሮ ይወርዳል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል እንኳ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 አጥቢያ ሰውን በእንቅልፉ አገኘው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ እንጠብቃለን?

ነዋሪው፦ ልጄ፣ ያንን ሌሊት ለእኔ አትነግሪኝም። ጎረቤቶቼን ቀብሬያለሁ። ግን ወንዝ ዳር የሰፈርነው ነፋስ ልንቀበል ነው? ቀፊራ ገበያ በእግር ይደረሳል። ለቀን ሠራተኛ የትራንስፖርት ብር ማለት የልጆቹ ዳቦ ነው። ከተማው ዳር ወስደሽ ውሃና መብራት የሌለበት ቦታ ብትሰጪው፣ ሥራው ያለው እዚህ ነውና ተመልሶ ይመጣል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ምትክ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። የእናንተ ክልከላ እዚህ ጋ ሲደርስ ለምን ዝም ይላል? ደግሞ ካርታ ይዞ፣ ግብር እየከፈለ የኖረ አለ። ካርታውን የሰጠው አካል ሳይጠየቅ ቤቱ ብቻ ይፍረስ?

መሐንዲሷ፦ ካሳው ይከፈል፤ እሱ ላይ አልከራከርዎትም። ካርታ የሰጠውም ይጠየቅ።

ነዋሪው፦ የመከላከያ ግንብም እኮ ተሠርቷል።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ግንቡን አምኖ መተኛት ነው። ማንኛውም ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ የውሃ መጠን ነው። ጎርፉ አሸዋና ድንጋይ ይዞ ስለሚመጣ የወንዙ ወለል በየጊዜው ይሞላል። ወለሉ ከፍ ሲል ግንቡ አጠረ ማለት ነው። ቤቱ ግንቡ ሥር ከተለጠፈ ደግሞ አሸዋውን የሚዝቅ፣ የተሰነጠቀውን የሚጠግን ማሽን በየት ይግባ? ከሰፈሩ የሚወርደው ውሃም መውጫ ሲያጣ ከግንቡ ጀርባ ይተኛል።

ነዋሪው፦ አቦ፣ እሱስ እውነት ነው። አዲስ የሚሠራውን ከልክሉ፤ እጄን አውጥቼ እደግፋለሁ። የነበረውን ግን ቁልፍ ሳታስጨብጡ አታንሱት። ተራራው ላይም እርከን ይሠራ፣ ዛፍ ይተከል።

መሐንዲሷ፦ ዛፉ እስኪያድግ፣ ቁልፉም እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። እስከዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆቹ የሚያድሩት የት ነው?

ነዋሪው፦ ላይ ያለው ገበሬ ሞባይል አለው። ደመናው ሲከብድ ይደውል፤ እዚህ የሚቀበል ተረኛ ይመደብ፤ በየሰፈሩ ሳይረን ይተከል። ይኼ ካሳም ሊዝም አይጠይቅም። ከዘንድሮ ክረምት በፊት ይደርሳል፤ ከዚህ ጀምሩ።