ስለ ሰባቱ ዲያቆናት ምርጫ
አንድ ጸሐፊ ስለዚህ ምርጫ በጻፉት ጽሑፍ፣ ሐዋርያት ማዕድ ከማገልገል ይልቅ ለጸሎትና ለቃሉ መትጋትን መምረጣቸውን ጠቅሰው፣ የምግብ እደላው ዝቅ ያለ ሥራ እንደ ነበር መግለጻቸው አላሳመነኝም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶች በዕለቱ እደላ ችላ በመባላቸው ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ለዚሁ ሥራ የሚመረጡት ሰባት ሰዎች በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው እንዲሆኑ ተጠይቋል፤ ሐዋርያትም ጸልየው እጃቸውን ጭነውባቸዋል። መራጩ ደግሞ ሕዝቡ ነበር፤ ይህን ነጥብ ብዙ ሰባክያን በችኮላ ያልፉታል። የሰባቱም ስም ግሪክኛ መሆኑን ሳይ፣ ቅሬታው የተፈታው ለተበደለው ወገን ኃላፊነቱን በመስጠት ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። በምዕራፍ 8 ላይ በጋዛ መንገድ የኢትዮጵያዊቱን ንግሥት የህንደኬን ጃንደረባ ያጠመቀው ፊልጶስም ከእነዚሁ የማዕድ አገልጋዮች አንዱ ነው።