አንድ ለእናቱ ፈረስ

ባለፈው ቅዳሜ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ወዳጄን ልጠይቅ ሄጄ ተሳስቼ ሰው ቤት ገባሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። አንኳኳሁ። አንዲት ሴት ብቅ ብላ «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ጫማዎን አያውልቁ» አለችኝ። ዓይኗ ግን ነጩ ምንጣፍ ላይ ነበር። አወለቅኩ። የወዳጄ እህት መሆን አለባት ብዬ ሶፋው ላይ ተደላደልኩ።

ለመጠራጠር ምክንያት አልነበረኝም። ግራጫው ኤል ሼፕ ሶፋ ቦታው ላይ ነው። ከሱ በላይ፣ አምስት ቦታ በተቆራረጠ ሸራ ላይ፣ ነጫጭ ፈረሶች ውኃ እየረጩ ይሸመጥጣሉ። ከቲቪው ጎን የወርቅ ቅብ አጋዘን ቆሟል። ጣሪያው ጂፕሰም ነው፤ ከጂፕሰሙ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ይፈሳል። የቡናው ጥግ ግድግዳ የፕላስቲክ ሣር ለብሷል። የወዳጄ ቤት ነው፣ በቃ። አቦል ጠጣሁ። ቶና ጠጣሁ። በረካው ሊቀዳ ሲል ሴትየዋ በትህትና «ይቅርታ ወንድሜ፣ ከማን ጋር ነበር የምንተዋወቀው?» አለችኝ።

ያኔ የሠርጉን ፎቶ ቀና ብዬ አየሁት። ሙሽራዋ ሌላ ናት። ሙሽራውም ሌላ ነው። ዛፉ ግን ያው የወዳጄ ሠርግ ዛፍ ነው። ሙሽራው ኮቱን በአንድ ጣቱ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሩቅ ያያል፤ ወዳጄም ያኔ ወደዚያው ነበር ያየው።

ወዳጄ ለካ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው የሚኖረው። ወጣሁ። ፈረሶቹ ቀድመውኝ ደርሰዋል።

በዚህ ዘመን ሁለት ሰው በአንድ ነገር አይስማማም ሲባል እሰማለሁ። ሐሰት ነው። በፈረሱ ተስማምተናል። ከጀሞ እስከ የካ አባዶ፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ አንድ ጋጣ ሆነናል። ስብሰባና ሽምግልና ያልቻለውን የሳሎን ዕቃ ነጋዴ ቻለው። እግዜር ይስጠው።

ደግሞ የሚገርመው ይህ ሁሉ የሚሆነው «ለየት ለማለት» ነው። ወዳጄ ቤቱን ለማሳመር ስድስት ወር ፈጅቶበታል። «ሰው ሳሎኔን አይቶ እኔን ማወቅ አለበት» ይል ነበር። እኔም አወቅኩት። የታችኛውን ጎረቤቱንም አብሬ አወቅኩ። በአንድ ጉብኝት ሁለት ሰው ማወቅ የትም አይገኝም።

ይህን ጥበብ ያስተማሩን የቴሌግራም ነጋዴዎች ናቸው። «ዩኒክ የቤት ማስዋቢያ! ለእርስዎ ብቻ! አንድ ለእናቱ! ውስን ፍሬ ነው የቀረን፣ ይፍጠኑ! ዋጋ በውስጥ መስመር።» (ዋጋው ለምን አደባባይ እንደማይወጣ ገብቶኝ አያውቅም። ያፍር ይሆናል።) እኔም ሰው ነኝና ደወልኩ። «ያ አንድ ለእናቱ ያላችሁት ፈረስ አለ?» አልኩ። «ሞልቷል! ስንት ፍሬ እንያዝልዎ?» አለኝ ልጁ። እንግዲህ የዚያች ፈረስ እናት ማኅፀኗ ይባረክ።

መርካቶ ወርጄ ዕቃውን ከምንጩ አየሁት። ካርቶን በካርቶን ላይ ተቆልሏል። «የየት አገር ነው?» አልኩ። «ቱርክ!» አለ ባለሱቁ ደረቱን ነፍቶ። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ቱርክኛ እንደማይመስል ሳሳየው ለአፍታ አሰበ። «በቻይና በኩል ዞሮ ስለመጣ ነው» አለኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪዬን አስታወሰኝ። ገዛሁ።

የኤፍል ታወሩን ነገርማ አታንሱት። እዚያው ፓሪስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1889 ተመርቆ ቆመ። በዚያው ዓመት እኛ ዘንድ ዳግማዊ ምኒልክ ነገሡ። ያኔ አንድ ሰው እንጦጦ ላይ ሆኖ «ይህ ብረት አንድ ቀን በየሐበሻው ሳሎን፣ ከቲቪው ጎን፣ ዳንቴል ላይ ይቆማል» ቢል ማን ያምነው ነበር? ፓሪስ ያለው አንድ ብቻ ነው። እኛ ብሎክ ውስጥ ግን እኔ ራሴ 4 ቆጥሬያለሁ። አንደኛው ውስጡ ሰዓት አለው።

አሁን ደግሞ «የግል ንክኪ» የሚባል ነገር መጥቷል። ዕቃው ላይ ራስህን ታትማለህ። የግድግዳ ሰዓት ላይ፣ ኩባያ ላይ፣ ትራስ ላይ። በጣም የወደድኩት ትራሱን ነው። ዱሮ ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነበር። ባለፈው አንድ ቤት የባለቤቱን የምርቃት ፎቶ፣ ጋዋኑንና ቆቡን እንዳደረገ፣ ተደግፌው ሁለት ሰዓት ተጨዋወትን። እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ያወራል፤ እሱው ደግሞ ከኋላዬ ወገቤን ይዞልኛል። እንዲህ ያለ መስተንግዶ አብርሃም ቤትም አልነበረም።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ ስትመጣ ግን ትንሽ ተቸገርን። እኔ ቤት በር ትይዩ ከእንጨት የተቆረጡ ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተለጥፈዋል።

«ምን ይላል ይሄ?» አለችኝ።

«ሆም ይላል፣ እማዬ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቤት ማለት ነው።»

ግድግዳውን አየችው። ጣሪያውን አየችው። «ታዲያ ቤት መሆኑ ለማን ጠፍቶት ነው?» አለች።

እሷ ምን ታድርግ። ዘመናዊ ዲዛይን አልተማረችም። ቀጥላ ወደ «ባህል ኮርነራችን» ሄደች። ባህል ኮርነር ማለት አገራችንን አንድ ሜትር ካሬ ላይ የምናስርበት ቦታ ነው። አንዲት መሶብ፣ አንዲት ጀበና፣ አንድ ገመድ አልባ ማሲንቆ። ጀበናዋን አንስታ ወደ ብርሃን አዞረቻት። አንገቷ ድፍን ነው። «ይህቺ ምን ትቀዳለች?» አለች። እንደማትቀዳ አስረዳኋት። ከዚያ የመሶቡን ክዳን ከፈተች። ውስጡ የቲቪ ሪሞት፣ የስልክ ቻርጀርና የሦስት ወር የውኃ ደረሰኝ አለ።

«እንጀራውስ?»

«ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

«በምን?»

«በፌስታል።»

ክዳኑን ቀስ አድርጋ መለሰችው፤ የተኛ ልጅ እንደሚሸፈን። ምንም አላለችም። እኔ ግን የማሰፋፋት ችሎታችንን አደነቅኩ። የእናቴ መሶብ አንድ ሥራ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

ስለ ስፌት ካነሳን፣ ባህላችን ስንፍናን እንዴት እንዳሸነፈ ማየት ደስ ይላል። እናቴ አንድ መሶብ ለመስፋት ስንደዶና አክርማ ትለቅም ነበር። አለላውን ቀለም ትነክራለች። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ በወስፌ እየወጋች፣ እየጠቀለለች። ጣቷ እስኪደማ። ሲያልቅ አንድ መሶብ። አንድ! ደግሞ ጥለቱ ከጎረቤቷ ጥለት ጋር አይገጥም። አያችሁ ብክነቱን?

ሐረሮችም እንደዚሁ አልገባቸውም፤ ያሳዝኑኛል። ጀጎል ግንብ ውስጥ የሐረሪ ቤት የገባ ሰው የማውቀውን ይነግራችኋል። ሳሎኑ በቀይ አፈር የተቀባ አምስት መደብ አለው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው። ሴቶቹ በእጃቸው የሰፉት፣ ሙሽራ ይዛው የመጣችው፣ ለዚህ ለዚያ ተብሎ ስም የወጣለት። አስጎብኚዎች እንደሚሉት ከሆነማ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለው ማለት ነው። ግድግዳው ወሬ ያወራል! የኛ ፈረስ እንዲህ አያሳጣንም። ስንት ዓመት ቢሰቀል ስለ ባለቤቱ አንዲት ነገር አይተነፍስም። ታዲያ ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ ምን አይቶ ነው? ጂፕሰም የለ፣ ኤልኢዲ የለ።

የሠዓሊዎቹ ጉዳይም አለ። አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል። በየዓመቱ ልጆች ይመረቃሉ። በእጃቸው ይሥላሉ። ጥፋታቸው ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ መሣላቸው ነው። ታዲያ ጎረቤት ከየት ያምጣ? አንድ የማውቀው ሠዓሊ ደንበኛ አግኝቶ ነበር። ሰውየው ሥዕሉን ወደደው፤ ወደ ግድግዳው አስጠግቶም ለካው። ከዚያ «ቀዩን ወደ ግራጫ ብትለውጥልኝ? ሶፋዬ ግራጫ ነው» አለው። ሠዓሊው እንቢ አለ። ትዕቢት ነው። ሰውየውም ፈረሱን ገዛ።

ውጭ ያሉትም ቢሆኑ አልተለዩንም። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ሲደውል ከጀርባው የላሊበላ ሥዕል፣ የሳር መሶብና ረከቦት ይታያል። የሱ ሳሎን ሐበሻ ነው፤ የኔ ሳሎን ፈረንጅ ነው። ስንደዋወል ማን እንደተሰደደ ግራ ይገባል።

ወደ እናቴ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን «አገልግሌስ?» አለችኝ።

ልቤ ወደቀ። አገልግሉን ለሠርጓ እናቷ ነበሩ የሰጧት። ቆዳ የለበሰ፣ ጭስ የጠገበ። አባቴ መንገድ ሲወጣ ስንቁን የሚቋጥሩለት በሱ ነው። አንድ ጊዜ ማንገቻው ተበጠሰና አባቴ የራሱን ቀበቶ ፈትቶ አሰረበት። ከዚያ በኋላ አልተፈታም። ቡኒ ቀበቶ ነው፤ ዘለበቱ አንድ ጥርስ የለውም። እኔ ቤት ሲመጣ ከሶፋው ጋር አልሄደም። አንድ እሁድ ጠዋት «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ በሰፈር አለፈ። ጠራሁት። አገልግሉን ወሰደ፤ ሁለት ጆግና አንድ ሳፋ ሰጠኝ። ሳፋው በሳምንቱ ተሰነጠቀ። ያኔ ግን ጥሩ ነጋዴ መስዬ ነበር ለራሴ የታየሁት።

«ስቶር ውስጥ ነው እማዬ» አልኳት። ኮንዶሚኒየም ስቶር እንደሌለው አታውቅም።

በማግስቱ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ያረጀ ራዲዮ አለ፣ የተጎረደ ማንኪያ አለ፣ እጀታ የሌለው ብረት ምጣድ አለ። የኔ ነገር የለም። ወደ ቸርችል ጎዳና ወጣሁ። እዚያ የስጦታ ዕቃ ሱቆች በር ላይ አገልግሎች ተደርድረዋል፤ ያማሩ፣ የተወለወሉ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። በአንዱ ሱቅ ሁሉንም እያነሳሁ ከታች አየሁ። ባለሱቁ ታዘበኝ።

«ምን ዓይነት ነበር የፈለጉት?»

«ማንገቻው ቀበቶ የሆነ» አልኩት። «አሮጌ የወንድ ቀበቶ።»

ልጁ ዝም አለ። ዓይኑ ሲበራ አየሁት። «አሪፍ አይዲያ ነው» አለ። ስልኩን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ። ታሪኩን እንድደግምለት ለመነኝ፤ ደገምኩለት። የዘለበቱን ጥርስ ሳይቀር።

እናቴ ወደ አገሯ ከተመለሰች ወር አለፋት። ትናንት ማታ ቴሌግራም ላይ መጣልኝ። ፎቶው ላይ አገልግሎች በሰልፍ ቆመዋል፤ ሁሉም ቀበቶ ታጥቀዋል። «የአባት ቀበቶ ያለው ዩኒክ አገልግል! ትዝታዎን በግድግዳዎ! አንድ ለእናቱ! ውስን ፍሬ ነው የቀረን።» ወዲያው ደወልኩ። ዘለበቱ አንድ ጥርስ እንደሚጎድለው አረጋገጠልኝ። ሁሉም ላይ ነቅለውታል።

«የአባቴ ቡኒ ነበር» አልኩት።

«ግራጫም አለን» አለኝ። «ከሶፋ ጋር ይሄዳል።»