ማስተካከያ፦ ዊልደርነስ ውስጥ የሞተር መጋዝ አይገባም

በአሜሪካ የእግር መንገድ ስለሚጠግኑ የወጣቶች የተፈጥሮ ጥበቃ ቡድኖች ቀደም ሲል ባወጣነው ጽሑፍ፣ ዊልደርነስ (ተፈጥሯዊ ሁኔታው እንዲጠበቅ በሕግ የተከለለ የፌዴራል መንግሥት መሬት) ውስጥ የወደቀ ግንድ በሞተር መጋዝ ይቆረጣል፣ ጎርፍን ከመንገዱ ለማስወጣት የሚቀበረው የውሃ መቀልበሻ ግንድም መንገዱን ቀጥ ብሎ ያቋርጣል ብለን ነበር። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የዊልደርነስ ሕግ በአንቀጽ 4 የሞተር መሣሪያንና ሜካኒካዊ ማጓጓዣን ይከለክላል። ለአስተዳደር የግድ ሲሆን ወይም ለአደጋ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል፤ ያንንም የሚወስነው መሬቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት እንጂ የቡድኑ መሪ አይደለም። ስለዚህ ግንድ የሚቆረጠው ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ በሚጎትተው የእጅ መጋዝ ነው። ተራ በተራ ይጎተታል፣ አይገፋም (አዲስ ገቢዎችን የሚያስቸግረው ይኸው ነው)፤ ከተገፋ ምላጩ ይታጠፋል። ሁለት ጫፉ ተደግፎ መሃሉ የተንጠለጠለ ግንድ ደግሞ ከላይ ሲቆረጥ ክፍተቱ እየጠበበ መጋዙን ይነክሳል። የምላጩ ጀርባ ግንዱ ውስጥ ገባ ሲል የፕላስቲክ ሽብልቅ ከበላዩ ይመታል። አፈርና ድንጋይም በጎማ ጋሪ ሳይሆን በባልዲ፣ በጆንያ ወይም በጭነት በቅሎ ይጓጓዛል።

የውሃ መቀልበሻው፣ የመንገድ ሥራ መመሪያዎች እንደሚሉት፣ በ45 ዲግሪ ገደማ ሰያፍ ይቀበራል። ቀጥ ካለ ውሃው ቆሞ ደለል ይጥላል፤ ደለሉ ሲሞላ ጎርፉ በላዩ ዘሎ መንገዱን ይቦረቡራል።

በጽሑፋችን መሠረት የመሣሪያ ዝርዝር ያዘጋጃችሁ የሞተር መጋዙን፣ ነዳጁንና ጋሪውን አውጡ። ቀጥ ብሎ የተቀበረ መቀልበሻም ደለሉን በመጥረግ አይስተካከልም፤ ተነቅሎ እንደገና መቀበር አለበት።