ደሴ ላይ ወፍ ማየት

ደሴ ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ሽቅብ ማየት የግል ጉዳይ አይደለም። ፒያሳ ላይ አንዲት ጭላት ልታይ ቀና በል፤ ሊስትሮው አብሮህ ቀና ይላል። ጫማውን የሚያስጠርገው ሰውዬም ቀና። ባጃጅ ይቆማል። «ምን ታየ?» ይላል ዘግይቶ የደረሰው። «ድሮን ነው አሉ» ይለዋል ቀድሞ የደረሰው። «ኧረ ወፍ ነው» ብትል የሚያምንህ የለም። ወፍ ለማየት ማን ይቆማል? ጭላቷ ግን ሥራ ላይ ናት። ሁሉም ሰማይ ሰማይ ሲያይ እሷ ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ደርሳ ተመልሳለች። በፍልሰታ ደግሞ በማን ሰፈር እንደሚታረድ ከኔም ካንተም በላይ ታውቃለች።

ወፍ ማየት የሚወዱ ሰዎች ነሐሴ መጨረሻንና ጳጉሜን በጉጉት ይጠብቃሉ። ከአውሮፓ ብርዱን የሚሸሹት ወፎች ወደኛ መምጣት የሚጀምሩት ያኔ ነው። ችግሩ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በነሐሴ ጉሙ ሲወርድ እንኳን ወፍ የጦሳ ተራራም አይታይም። ስለዚህ ወፍ በጆሮ ነው የሚታየው። ያቺ ረጅም ማንቁሯን ሳር ውስጥ እየነከረች ትል የምትለቅመው፣ ስትነሳ ሰፈሩን በጩኸት የምታናውጠው ትልቅ ወፍ አለች አይደል? ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የለችም። ፈረንጁ እሷን ለማየት አውሮፕላን ይሳፈራል። የኛ ሰፈር ሰው በጧት ስትቀሰቅሰው ድንጋይ ይፈልጋል።

ጉሙን የሸሸ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እዚያ ይሞቃል፤ ቦርከና ዳር ነጫጭ ሳቢሳዎች ከብት ተከትለው ይውላሉ፤ የፕላስቲክ ጠርሙሱም አብሯቸው ይውላል። ከርቀት የትኛው ወፍ፣ የትኛው ፌስታል እንደሆነ መለየት ራሱ ሙያ ነው።

የቁርጥ ቀን ወዳጅ ግን ሐይቅ ነው የሚሄደው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የበረታ እስከ አርዲቦ ሐይቅ ይዘልቃል። እዚያ ባይኖኩላር ከቦርሳህ ስታወጣ መሬት ሊለካ የመጣ ሰው ትሆናለህ። አንዱ ካሳው በካሬ ስንት እንደሆነ ይጠይቅሃል። ሌላው የጎረቤቱ አጥር አንድ ክንድ ገፍቶ እንደገባ ሹክ ይልሃል። «ዳክዬ እያየሁ ነው» ስትል ያዝኑልሃል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ትበላለች?» ካልተበላች ምን ልታደርግልህ ነው የምታያት? (ጦሳ ላይ ወጥቶ ባይኖኩላር መደገን ግን በዚህ ዘመን አልመክርም። እዚያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህን ያህል አያስቅም።)

አለማየት ግን የለብንም። የመስቀል ወፍ የምንላትን ተመልከት። ያ ጥቁርና ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ የለበሰው ወንዱ ነው። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ማሳችን ውስጥ ነበር፤ እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጥ ጋር ሲለቅም ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ዝናብ ሲመጣ ልብሱን ቀየረ፤ «መጣች!» አልን። ሰፈራችንም እንደዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ በአዲስ ጃኬት ለጳጉሜ ብቅ የሚለው ልጅ ቡና ይፈላለታል። ዓመቱን ሙሉ ለእናቱ ጤፍ የሚያስፈጨው ወንድሙ ጀበናውን ያቀብላል።

ልብሱን ለለወጠ ዓይናችን አይታማም። ግቢያቸው በር ላይ በርጩማ አውጥተው የሚቀመጡትን ጎረቤቴን የሚያክል ተመልካች የትም አገር የለም። ባይኖኩላርም ማስታወሻ ደብተርም አያውቁም። ማን በስንት ሰዓት ወጣ፣ ምን ይዞ ገባ፣ ማን አብሮት ነበር፣ ሁሉ በቃል ነው። ከሐይቅ ስመለስ ማታ አስቆሙኝ።

«ወፎቹን አየሃቸው የኔ ልጅ?»

ጉም ነበር አልኳቸው።

«አብሽር፣ ሌላ ጊዜ ታያቸዋለህ። ያቺ ሚኒባስ ውስጥ አጠገብህ የነበረችው ልጅ ግን የማን ናት?»