«ዝም ብለሽ ገልብጪው»

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው አንጀቴ አሮ ነው።

የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ስድስተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ወር የሒሳብ መምህሯ ሰሌዳው ላይ ግማሽን ለሩብ አካፈሉ። «ሁለተኛውን ገልብጡና አባዙ፣ መልሱ 2 ነው» አሉ። ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ማካፈል ያሳንስ የለ እንዴ? ከግማሽ ተነስተን እንዴት 2 ደረስን?»

ጥያቄው እኮ ወርቅ ነው! የዚያን ቀን ትምህርት ሁሉ እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበር። መምህሩ ግን «ዝም ብለሽ ገልብጪው! ፈላስፋ ነሽ?» አሏት። ክፍሉ ሳቀባት። ደወል እስኪደወል እንደቆመች ቀረች።

ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ከእሳቸው ይልቅ ግን ራሴን። ማታ እራት ላይ ስትነግረኝ ዓይኔን ከስልኬ አላነሳሁም። «ያሉሽን ያዢ፣ ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነው» አልኳት። እንጀራው ፊታችን ነበር። ግማሹን ሰጥቻት «ከዚህ ስንት ሩብ ይወጣል?» ብላት ምን ነበረበት? ራሷ ቆርሳ፣ ራሷ ቆጥራ «ሁለት!» ትል ነበር።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኙ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ሃምሳና ከዚያ በላይ አመጡ ሲባል አገር ጮኸ። እነዚያ ልጆች እጃቸውን ማውጣት የተውት መቼ እንደሆነ ግን ማን ጠየቀ?

ድሮም ባህላችን ሽምደዳ ነው እንዳትሉኝ። የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ ብቻ አያልፍም። ብቻውን አውጥቶ አውርዶ የራሱን ይቆጥራል፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ይደርሳል፤ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ይታረማል። ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ። ይህን የመሰለ ማስተማሪያ ከአያቶቻችን ወርሰን እንዴት ልጆቻችንን ቴፕ አደረግናቸው?

መምህራን፣ 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል እንደምትለፉ፣ ደመወዛችሁ ወር እንደማያደርስ አውቃለሁ። ግን «ጥሩ ጠየቅሽ፤ እስቲ ሁላችሁም ከጎናችሁ ካለው ጋር ተነጋገሩበት» ማለት ብር አይጠይቅም። ወላጆች፣ እኛም «ስንተኛ ወጣሽ?» ብቻ አንበል።

ትናንት ማታ እንጀራውን ይዤ ጠራኋት። ቆረሰች፣ ቆጠረች፣ «ገባኝ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ሌላ ነገር ልትጠይቀኝ አፏን ከፈተች። ፊቴን አየችና ተወችው።

ዛሬም ስልኬን አጥፍቼ እራት ላይ እጠብቃታለሁ።